ስሙን የተጠየቀ ሰው ቁስል፦ ስለ ልቡና ሕክምናና ስለ ማንነት ከመልካ ጀብዱ አንጻር

ከድሬዳዋ ከተማ በስተ ምዕራብ፣ ወደ ሁርሶና ወደ ኤረር በሚወስደው መንገድ የምትገኘው መልካ ጀብዱ፣ ትናንት የአርብቶ አደሩና የአትክልተኛው መገናኛ ሆና በጸጥታ ስትኖር ቆይታ፣ ዛሬ አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መሥመር፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩና በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የነፃ ንግድ ቀጣና ተጎራብተዋት፣ ከልዩ ልዩ አውራጃ የመጣው ሠራተኛ፣ ከመንደሩ የተነቀለው ተፈናቃይና ከባሕር ማዶ የተመለሰው ስደተኛ በአንድ ቦኖ ወረፋ የሚይዙባት ስፍራ ሆናለች። እንዲህ ባለ ስፍራ የሰው ልጅ ተሸክሞት የሚኖረው የልቡና ቁስል ከሌላው ቁስል በአንድ ነገር ይለያል፤ ብዙው ጊዜ የደረሰበት ስላደረገው ነገር ሳይሆን ስለ ሆነው ነገር ነውና። ስለዚህ ባለፉት ዓመታት በእርዳታ ድርጅቶችና በዩኒቨርሲቲዎች በኩል ወደ አገራችን እየገባ ያለው፣ የደረሰውን ጉዳት አስቀድሞ የሚያገናዝብና የታካሚውን ማንነት የሚያከብር የግል የንግግር ሕክምና፣ በእንዲህ ያለ ስፍራ እንዴት ሆኖ ሊሠራ እንደሚገባው በጽሞና መመርመር ተገቢ ነው። እኔ የማምንበት ይህ ነው፤ በስሙና በቋንቋው ምክንያት የቆሰለ ሰው ስሙንና ቋንቋውን ከሐኪሙ ደጃፍ ጥሎ እንዲገባ ቢደረግ አይፈወስም፤ ሐኪሙ በበኩሉ ማንነትን መርጦ ቢያለብሰውም እንዲሁ ቁስሉን ያድስበታል እንጂ አይጠግንለትም።

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን የድሬዳዋ ሕዝብ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ያያቸውን ሁለት መከራዎች አስተያይቶ መመልከት ይበቃል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ የደቻቱ ወንዝ ከሐረርጌ ተራሮች ያወረደውን ጎርፍ በሌሊት በከተማው ላይ በለቀቀው ጊዜ፣ ከ250 የሚበልጡ ሰዎች አልቀዋል፤ በሺህ የሚቆጠሩትም ያለ መጠለያ ቀርተዋል። ያ ውሃ ግን የማንንም ስም አልጠየቀም። ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን፣ ኦሮሞውን፣ ሶማሌውን፣ አማራውንና ጉራጌውን አንድ አድርጎ ስለ ወሰደ፣ ኀዘኑም የጋራ ሆነ፤ ከጎርፉ የተረፈው ሰው ደመና ሲከብድ፣ ዝናብም በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ልቡ ቢሸበር፣ የሚሸበርበት ነገር ከእርሱ ውጭ፣ በሰማይና በወንዝ ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ጎረቤቱም የዚያው ሌሊት ምስክር ስለሆነ ያስተዛዝነዋል።

በ2010 ዓ.ም. የኦሮሚያና የሶማሌ ክልሎች የወሰን ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ባፈናቀለ ጊዜ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። ከሶማሌ ክልል የተባረረው ኦሮሞ በሐረር አጠገብ በሐማሬሳ፣ በድሬዳዋም በሚሌኒየም ፓርክ፣ ከኦሮሚያ የተባረረው ሶማሌ ደግሞ በባቢሌና በጅጅጋ መካከል በቆሎጂ ሲሰፍር፣ በዚያው ዓመት ማለቂያም በጅጅጋ ካህናት ተገድለው አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ፣ ከእያንዳንዱ ዱላ በፊት ጥያቄ ቀድሞ ነበር፤ ስምህ ማነው፣ ቋንቋህ ምንድን ነው፣ የማን ወገን ነህ የሚል። ከዚህ ዓይነቱ መከራ ያመለጠ ሰው የሚፈራው ነገር ከደመናና ከወንዝ ይልቅ የቀረበ ነው፤ የሚፈራው የገዛ አፉን ነው። በባጃጅ ውስጥ ተሳፍሮ ሳለ ስልኩ ቢጮህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በሌላ ቋንቋ ይመልሳል፤ ልጆቹ በደጅ የእናታቸውን ቋንቋ እንዳይናገሩ ያስጠነቅቃል፤ ስሙን ሲጠይቁት ምላሹን ከመስጠቱ በፊት የጠያቂውን ፊት ይመረምራል። የአደጋው ደወል በራሱ ማንነት ውስጥ ተተክሎ ቀርቷልና፣ ከቤቱ ቢርቅም ከደወሉ ሊርቅ አይችልም። ጎረቤት የፈወሰው የጎርፍ ኀዘን ነበረ፤ በዚህኛው ግን መከራውን ያመጣው አንዳንድ ጊዜ ጎረቤት ራሱ ነው።

ይህን የመሰለው ቁስል በመልካ ጀብዱና በአካባቢው ይበልጥ የሚወሳሰብበት ምክንያት አለ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የድሬዳዋ አስተዳደር ሕዝብ 341,834 ሲሆን፣ ከመቶ 46 ያህሉ ኦሮሞ፣ 24 ያህሉ ሶማሌ፣ 20 ያህሉ አማራ፣ የቀረውም ጉራጌና ሌላ ሌላው መሆኑ ተመዝግቧል፤ ሥልጣኑም 40፣ 40፣ 20 በሚባለው ቀመር፣ ለኦሮሞው፣ ለሶማሌውና ለሌላው ተከፋፍሎ ሲሠራበት ኖሯል። በቀመር የሚተዳደር ከተማ ሰውን ሁሉ በአንዱ ዓምድ ውስጥ ማግኘት ይፈልጋል። ነገር ግን በዚሁ አገር ጉርጉራ የሚባለው ወገን አለ፤ በቤቱ ኦሮምኛ ይናገራል፣ ብዙው ሽማግሌው ግን የዘር ሐረጉን ወደ ሶማሌው የዲር ጎሣ ይቆጥራል፣ በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥም ወንድማማቾች ስለዚሁ ነገር ልዩ ልዩ ምላሽ ይሰጣሉ። በጥቅምት 1997 ዓ.ም. በሁለቱ ክልሎች ወሰን በሚገኙ ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ፣ ሰው ማንነቱን በምርጫ ሳጥን ውስጥ እንዲጨምር የተጠየቀበት ሁኔታ ለብዙው የዚህ ምድር ነዋሪ ከአባቶቹ ያልሰማው ነገር ነበረ። የምድር ባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ደርሶ ከተማይቱን ከቆረቆራት ወዲህ በጋብቻ፣ በንግድና በጉርብትና የተደባለቀውን ሕዝብ ደግሞ ማን ሊቆጥረው ይችላል? እናቱ የሐረር አደሬ፣ አባቱ የመንዝ አማራ፣ ሚስቱ የኢሳ ሶማሌ የሆነች ሰው የትኛውን ዓምድ ይሞላል?

እንግዲህ ወደ ሕክምናው እንምጣ። የልቡና ቁስል በሥነ ሥርዓት የታወቀ የሕመም ስም ያገኘው በቅርቡ ነው፤ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1980 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የምርመራ መጽሐፍ ከከባድ አደጋ በኋላ የሚቀረውን ጭንቀት እንደ ራሱ የቻለ ሕመም መዝግቦታል። ጁዲት ኸርማን የተባለችው አሜሪካዊት ሐኪም በ1992 እ.ኤ.አ. ባወጣችው መጽሐፍ ፈውሱ ሦስት ማዕርግ እንዳለው አስረድታለች፤ መጀመሪያ ጸጥታንና ዋስትናን ማግኘት፣ ቀጥሎ የሆነውን ማስታወስና ማዘን፣ በመጨረሻም ከሰውና ከኑሮ ጋር እንደ ገና መገናኘት። ከዚያ በኋላ የመጡት መምህራን ይህንኑ ወደ ተቋማት አሠራር አሳድገው፣ ሆስፒታሉም ትምህርት ቤቱም ጽሕፈት ቤቱም ወደ እርሱ ከሚመጣው ሰው መካከል ብዙው ምናልባት ቆስሎ እንደሚመጣ አስቀድሞ እንዲያውቅ፣ ምልክቱን እንዲለይ፣ በዕውቀቱ መሠረት አሠራሩን እንዲያስተካክልና ከሁሉ በላይ ቁስሉን ደግሞ እንዳይቀሰቅስ አሳስበዋል። በዚህ አካሄድ ለታካሚው የሚቀርበው ጥያቄ «ምን ዓይነት ጉድለት አለብህ» ከመሆን ይልቅ «ምን ደረሰብህ» ይሆናል።

በተግባር ሲታይ ይህ ማለት ሐኪሙ የመከራውን ታሪክ በመጀመሪያው ቀን ከሰውየው አፍ አይነጥቅም ማለት ነው። አስቀድሞ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ድንጋጤው፣ ስለ ራስ ምታቱና ስለ ልቡ መምታት ይጠይቃል፤ ሰውነቱ ሲሸበር በትንፋሽና እግሩ የረገጠውን መሬት ልብ ብሎ በመገንዘብ ወደ አሁኑ ሰዓት የሚመለስበትን መንገድ ያስተምረዋል፤ በክፍሉ ውስጥ በሩ ይዘጋ ወይስ ገርበብ ይበል፣ ወንበሩ ፊቱን ወደ በሩ ያዙር ወይስ ጀርባውን፣ ታካሚው ራሱ እንዲወስን ያደርጋል። ተራ ነገር የሚመስለው ይህ ምርጫ፣ በሌላ ሰው ፈቃድ ተጎትቶ ከቤቱ የወጣ ሰው ፈቃዱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀበልበት ስፍራ ነው። ጊዜው ሲደርስ ታሪኩን ይናገራል፤ በጀርመን በኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ የተደራጀውና በ2004 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመው የትረካ ሕክምና፣ በኡጋንዳ በሠፈሩ የሱዳን ስደተኞች ዘንድ ተፈትኖ፣ በኋላም በሩዋንዳና በሶማልያ ስደተኞች ዘንድ ተሠርቶበታል። በዚህ ሕክምና ገመድ በመሬት ላይ ተዘርግቶ ከልደት እስከ ዛሬ ያለው ዕድሜ ሆኖ ይቆጠራል፤ ታካሚው ክፉ ለሆነበት ዘመን ድንጋይ፣ መልካም ለሆነበት ዘመን አበባ ያስቀምጣል። እኔ በዚህ ዘዴ ከማደንቀው ነገር አንዱ፣ የቆሰለው ሰው ሕይወት ድንጋይ ብቻ እንዳልሆነ በዓይኑ እንዲያየው ማድረጉ ነው፤ በሐማሬሳ ድንኳን ውስጥ የነበረ ሰው ከዚያ በፊት አበባ የሚያስቀምጥበት ሠርግ፣ ልጅና አዝመራ ነበረው።

ማንነትን ማክበር የሚባለው ነገር በዚህ ላይ የሚጨምረው እንዲህ ነው። ታካሚው ታሪኩን የሚናገርበትን ቋንቋ ራሱ ይመርጣል፤ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛ፣ አደሬኛ ወይም ሁለት ቋንቋ አቀላቅሎ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ብሔሩን በመጠይቅ አይጠይቀውም፤ ራሱን እንዴት እንደሚጠራ ግን በትዕግሥት ይሰማል፣ በጠራበትም ስም ይጠራዋል። ትናንት በአንድ ስም፣ ዛሬ በሌላ ስም ራሱን ቢጠራ፣ ሐኪሙ ወላዋይ ብሎ አይፈርድበትም፤ ስሙን መለዋወጥ አንድ ቀን ሕይወቱን ያዳነበት ብልሃት ሊሆን ይችላልና።

ይህ አስተሳሰብ ምንጩ ከአፍሪካም ነው፤ ይህን ማስታወስ እንደ ባዕድ ነገር ለሚመለከቱት ሰዎች ይጠቅማል። በማርቲኒክ ደሴት የተወለደው ሐኪም ፍራንዝ ፋኖን ከ1953 እስከ 1956 እ.ኤ.አ. በአልጄርያ በብሊዳ የአእምሮ ሆስፒታል ሲሠራ፣ ከፈረንሳይ ያመጣው የኅብረት ሕክምና ለአውሮፓውያኑ ሴቶች ሲበጅ ለሙስሊሞቹ ወንዶች እንዳልበጃቸው አይቶ፣ በሆስፒታሉ ውስጥ የቡና ቤትና የራሳቸው በዓላት እንዲኖሩ አድርጓል። ናይጄርያዊው ቶማስ ላምቦ ደግሞ በ1954 እ.ኤ.አ. በአገሩ በአሮ፣ ሕሙማኑ ከዘመድ ጋር በመንደር እየኖሩ የሚታከሙበትን ሥርዓት አቋቁሞ በዓለም ዘንድ ታውቋል። በአሜሪካ የጥቁር ሕዝብ ሥነ ልቡና ሊቃውንት፣ የብዙኃኑ መለኪያ ለእኛ አይስማማም ብለው ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያነሡት ክርክርም በኋላ ወደ ሌሎች የተናቁ ወገኖች ተዳርሶ፣ ማንነትን የሚያከብር የሚባለው የሕክምና ትምህርት ቅርንጫፍ ሆኗል።

ነገር ግን ይህ ትምህርት ከዚያ ወደ መልካ ጀብዱ ሲመጣ አንድ ከባድ ልዩነት ይገጥመዋል፣ በዚህም ላይ ዝም ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው። በአሜሪካ የተናቀው ወገን ማን እንደሆነ፣ ብዙኃኑም ማን እንደሆነ በአብዛኛው የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ሐኪሙ የተናቀውን ሲያጸና ብዙኃኑ ያደረሰበትን ንቀት ያርማል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ግን በአንድ ወረዳ ብዙኃን የሆነው ወገን ባሻገር ባለው ወረዳ አናሳ ነው፤ በአንደኛው ሳምንት ያባረረው ወገን በሚቀጥለው ሳምንት ተባራሪ ይሆናል፤ በአንድ የመጠባበቂያ ወንበር ላይ ሁለቱም ተቀምጠው ሊገኙ ይችላሉ። እንዲህ ባለ አገር ማንነትን ማክበር ማለት የአንዱን ወገን የበደል ታሪክ ማጽናት ከሆነ፣ ሐኪሙ ሳያውቀው የሚቀጥለው ግጭት አገልጋይ ይሆናል። ሰውየው ስለ ደረሰበት ግፍ የሚሰማው ቍጣ እውነተኛ ነው፣ መሰማትም አለበት፤ ከቍጣው የሚወለደው «እነርሱ ሁሉም አንድ ናቸው» የሚለው ፍርድ ግን የቁስሉ ምልክት እንጂ የማንነቱ ክፍል አይደለም። የተማረ ሐኪም እነዚህን ሁለቱን ለይቶ፣ ታካሚውን ሳያሳፍር፣ ያባረሩትን ሰዎችና በቤታቸው ደብቀው ያሳደሩትን ሰዎች በየራሳቸው ስም እንዲጠራ ይረዳዋል። ከተባረሩት አንዳንዶቹ የተረፉት በሌላው ወገን ጎረቤት እጅ ነው፤ በገመዱ ላይ አበባ የሚገባው ሌላው ስፍራ ይህ ነው።

የሐኪሙም የራሱ ማንነት በዚህ ክፍል ውስጥ አለ። ስሙን ተናግሮ ሲቀመጥ ታካሚው ወዲያው ያውቀዋል፤ ያወቀውንም ደብቆ፣ ሊጎዳው የሚችለውን ታሪክ አስቀርቶ ሌላውን ይናገራል። ይህን ዝምታ እንደ እምቢተኝነት መቁጠር አላዋቂነት ነው። ሐኪሙ ቀድሞ «እኔ ከዚህ ወገን ነኝ፤ ይህ ለመናገር የሚያስቸግርህ ከሆነ ሌላ ሰው ልፈልግልህ እችላለሁ» ቢለው ትልቅ በር ይከፍታል። አስተርጓሚ ሲገባ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል፤ በመንደሩ የሚታወቅ ዘመድ ወይም የጽዳት ሠራተኛ ጠርቶ ማስተርጐም፣ ለጉንፋን ሊበጅ ይችል ይሆናል፣ ለልቡና ቁስል ግን ምሥጢርን በአደባባይ ማውጣት ነው።

ይህ ዓይነቱ የግል ንግግር ለሕዝባችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ክርስቲያኑ የነፍስ አባት አለው፤ ኃጢአቱን ብቻ ሳይሆን ጭንቀቱንም ይነግረዋል፣ ቀኖና ተቀብሎ ይወጣል። ሙስሊሙ ሼኹን ያማክራል፣ በሐድራ ላይ ዱዓ ይደረግለታል፤ ሐዘን ሲደርስ አፎሻ የሚባለው የመረዳጃ ማኅበሩ ይሰበሰባል። በታኅሣሥና በሐምሌ 19 ቀን ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚጎርፈው ሕዝብ ስለትና እንባ ይዞ ይሄዳል። የሥነ ልቡናው ሐኪም እነዚህን አይተካም፣ ሊተካቸውም መሞከር የለበትም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ እርሱ ቀኖና አይሰጥም፣ አይፈርድም፣ አያስታርቅም፤ የሽማግሌ ጉባኤ ሁለት ወገን ለማስማማት ሲል የአንዱን ሰው ሕመም በካሳ ሲዘጋው፣ እርሱ ያ ሕመም እስኪነገር ድረስ ክፍት አድርጎ ይጠብቀዋል። በካሳው የተስማማችው ቤተ ሰብ ሰላም ስታገኝ፣ በሌሊት የምትባንነው ልጇ ግን ካሳው አልደረሳትም።

ስለ ተመላሾቹ ስደተኞች ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፤ ድሬዳዋ ወደ ጅቡቲና ወደ ኦቦክ፣ ከዚያም በባብ ኤል ማንደብ ወደ የመንና ወደ ሳውዲ ዓረብያ ለሚሻገረው ወጣት መተላለፊያ ናትና። ከ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ በጥቂት ወራት ብቻ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳውዲ ዓረብያ ተመልሰዋል፤ ከዚያም ወዲህ መመለሱ አልተቋረጠም። ከተመለሱት ሴቶች መካከል ክርስቲያን ሆና ሳለች ለጉዞው ሲባል የሙስሊም ስም የወሰደች፣ በአሠሪዎቿም ቤት በሌላ ስም ስትጠራ ለዓመታት የኖረች ሴት ጥቂት አይደለችም። እንዲህ ያለችው ሴት በጤና ጣቢያ ስሟን ስትጠየቅ ለአፍታ ብታመነታ፣ ያ ማመንታት የሕመሟ ታሪክ መግቢያ ነው፤ መዝጋቢው ግን ቶሎ በይ ይላታል።

ይህን ሁሉ የሚሠራ ባለሙያ ከየት ይመጣል? ኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን በአዲስ አበባ ባለው በአማኑኤል ሆስፒታል ላይ ብቻ ተደግፋ ኖራ፣ የራሷን የአእምሮ ሐኪሞች በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረችው በ2003 እ.ኤ.አ. ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። ከዚያም የዓለም የጤና ድርጅት የአእምሮ ሕክምናን ወደ ጤና ጣቢያ ለማውረድ ያወጣውን ፕሮግራም ቀድመው ከሞከሩት አገሮች አንዷ ሆናለች። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን በጤና ጣቢያው የሚደርሰው በአብዛኛው ኪኒን ነው፣ የሚያዳምጥ ሰው ግን ጥቂት ነው። በዚምባብዌ በዲክሰን ቺባንዳ የተጀመረው አገልግሎት ሴት አያቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ በአግዳሚ ወንበር ላይ እንዲያዳምጡ አድርጓል፤ የዓለም የጤና ድርጅትም ሐኪም ያልሆነ ረዳት በአምስት ቀጠሮ ሊሰጠው የሚችል አጭር የምክር ሕክምና በ2016 እ.ኤ.አ. አውጥቷል። ሦስት ቋንቋ የሚናገር፣ በዚህ አገር ያደገ ወጣት በድሬዳዋ ማግኘት ከሌላው ከተማ ይልቅ የቀለለ ስለሆነ፣ ድል ጮራ ሆስፒታልና ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያሉትን መርጠው ቢያሠለጥኑ፣ ከባድ ሕመም ያለበትን ብቻ ወደ ሐኪም የሚያስተላልፍ ሥርዓት ሊቆም ይችላል።

ሕክምና ያለ ኑሮ እንደማይጸና ግን መዘንጋት የለበትም። ዶክተር መስፍን አርአያ ከኤርትራ ተፈናቅለው በአዲስ አበባ መጠለያዎች ዓመታት ያሳለፉትን ወገኖች መርምሮ በ2007 እ.ኤ.አ. በስዊድን በኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው ጥናት፣ የልቡና ጭንቀታቸው ካለፈው ጉዳት ጋር ብቻ ሳይሆን ካሉበት የኑሮ ሁኔታና ከሚያገኙት ማኅበራዊ ድጋፍ ጋር አያይዞ ተመልክቶታል። የኸርማን የመጀመሪያው ማዕርግ ጸጥታና ዋስትና ከሆነ፣ የቤት ኪራይ ከፍሎ ለማያድር ተፈናቃይ ዋስትናው በወንበርና በገመድ አይሰጠውም፤ ሐኪሙም ይህን ባለማወቅ ታካሚውን ወደ ሁለተኛው ማዕርግ ቢቸኵልበት ይጎዳዋል።

በዚህ መካከል በመልካ ጀብዱ ጤና ጣቢያ አሁኑኑ ያለ ታላቅ ወጪ ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። ለምክር አገልግሎት የሚመጣ ሰው በመጠባበቂያው ስፍራ ስሙ በከፍተኛ ድምፅ ከመጠራት ይልቅ በተራ ቍጥር ይጠራ፤ የአባቱንና የአያቱን ስም በሰው ፊት ማሰማት በዚህ አገር ወገኑን ማሰማት ነውና። በካርዱ ላይ የብሔር ነገር ያለ ታካሚው ፈቃድ አይጻፍ። ቀጠሮ የሚሰጠው ሰው በየትኛው ቋንቋ መነጋገር እንደሚፈልግ ገና በካርድ ክፍል ይጠየቅ። የምክር መዝገቡ ከተራው የሕክምና መዝገብ ተለይቶ ይቆለፍ፤ ቁልፉን ማን እንደሚይዝ፣ ቀበሌውም ፖሊሱም መዝገቡን ቢጠይቅ ምን እንደሚመለስለት በጽሑፍ ይወሰን፤ ይህም ውሳኔ የመጀመሪያው ታካሚ ከመግባቱ በፊት ለሠራተኛው ሁሉ፣ ዘበኛውም ሳይቀር፣ በሚያውቀው ቋንቋ ይነበብለት።